አንድ ደቂቃ የቀረው ማሽን

አንድ ደቂቃ ስንት ደቂቃ ነው? እኔ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። ባሌ «አንድ ደቂቃ፣ ደረስኩ» ካለኝ ከመካኒሳ አቦ ገና አልተነሳም ማለት ነው። ቢሮ ሄደን «አንድ ደቂቃ ጠብቂ» ከተባልን ደግሞ ምሳ ቋጥሮ መቀመጥ ነው። ይሄ የሰው ጠባይ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ማሽንም እንዲህ እንደሚዋሽ ያወቅኩት የዕቃ ማጠቢያው ቤታችን ከገባ በኋላ ነው።

ባሌ ሾፌር ሆኖ ይሠራላቸው የነበሩ የውጭ ሰዎች አገራቸው ሲመለሱ «ውሰደው» ብለው ሰጡት። ሀና ማርያም፣ እዚችው ጠባብ ኩሽናችን ውስጥ አስገብቶ፣ ቧንቧውን ቀጥሎ፣ «ከእንግዲህ እጅሽ ውሃ አይነካም፤ አንቺ ሰሃኑን መክተት ብቻ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ተስፋ የሰማሁት ሊያገባኝ ሲለምነኝ ነበር።

ልጃችንን ክርስትና ባስነሳን ማግስት ማሽኑ የመጀመሪያ ሥራውን ጀመረ። ሰሃኑ የእድር ነው። እድሩ ውስጥ ከገባን ገና ብዙም አልቆየን፤ ዕቃ ስንዋስም የመጀመሪያችን። የእድሩን ዕቃ ቤት የሚጠብቁት እትዬ ብርቄ ሲያስረክቡኝ፣ «ልጄ፣ ሰው የሚታወቀው በድግሱ ሳይሆን በሰሃን አመላለሱ ነው» ብለውኛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ደጋሽ ይጠብቀዋል። ቢዘገይ ወይ ቅባት ይዞ ቢመለስ ስማችን በሰፈሩ ምን ሆኖ እንደሚቀር አስቡት! ገና አንድ ብለን ስንጀምር!

ድግሳችን ትንሽ ስለነበረች ሰሃኑ ሁሉ ገባልኝ። ክተቺ ተባልኩ፣ ከተትኩ። ትራፊውን መጀመሪያ አራግፊ ያለኝ የለም።

ማሽኑ ጉርምርም እያለ ሠራ። ግንባሩ ላይ ያለው ቁጥር እየወረደ፣ እየወረደ መጥቶ አንድ ላይ ቆመ። ልጄን አጠባሁ፤ አንድ። ጨርቋን ቀየርኩ፤ አንድ። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ፤ ያው አንድ! ሆዱ ውስጥ ውሃው ይንቦጫረቃል እንጂ ንቅንቅ የለም። ባሌ ጋ ደወልኩ። «አጥፍተሽ አብሪው» አለኝ። ያገራችን የጥገና ትምህርት ሁሉ የሚያልቀው እዚህ ላይ አይደል? አጥፍቼ አበራሁት። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሰሃኑን እንደ አዲስ አንገላቶ፣ አንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። በጥፊ መታሁት። የድሮው ቴሌቪዥናችን በጥፊ ነበር የሚስተካከለው፤ ይሄኛው ግን የእኛን አገር አስተዳደግ አላየም።

ብደውል «እንግዲያው ክፈቺው» አለኝ ባሌ። ኤሌክትሪክ ቢይዘኝስ? «አይዝሽም» ይላል፣ እሱ መሪ ይዞ ብስራተ ገብርኤል ቁጭ ብሎ! ልጅቷ ያለ እናት ብትቀርስ ስለው፣ «አንድ ደቂቃ፣ ትራፊክ አለ» ብሎ ዘጋብኝ።

ሶኬቱን ነቀልኩ። መነቀሉን ደጋግሜ አየሁ። ልጄን ራቅ አድርጌ አስተኛኋት፤ አንዳችን እንኳ እንትረፍ ብዬ። የባሌን ቦቲ አጠለቅኩና በማማሰያ እንጨት በሩን ፈልቅቄ ከፈትኩት። ምንም አልሆንኩም። ለካ አልተቆለፈም ነበር!

ከሥሩ ግራጫ ውሃ አቁሯል። እጄን ሰድጄ ወንፊት ከመሰለው ነገር ላይ አንድ የላቆጠ ጓል አወጣሁ። እንጀራ! የእንግዳው ትራፊ በፍል ውሃ ታሽቶ ወደ ሊጥነቱ ተመልሷል፤ የውሃውን መውጫ ድፍን አድርጎታል። ምስኪን! ሰው እንኳ አጉርሰን እስኪውጥ እንጠብቃለን። እኔ የድግሱን ጉርሻ ሁሉ ባንዴ አጉርሼው፣ አልዋጥክም ብዬ በጥፊ እመታዋለሁ። ሠሪዎቹ እንጀራን አያውቁ፣ እኔ የእነሱን አሠራር አላውቅ፣ በመሃል ማሽኑ ታነቀ።

ጊዜው ሄዷል። ሰሃኑን አውጥቼ ሳፋ ላይ በእጄ ፈትጌ፣ አለቅልቄ፣ ወልውዬ ደረደርኩት። ማሽኑን ደግሞ ባዶውን ዘግቼ ሶኬቱን ሰካሁለት፤ እስቲ ይለይለት ብዬ። በቁልፉ ስላላጠፋሁት ይሁን፣ አሁን ካቆመባት አንድ ላይ ተነሳ። በዚያው ቅጽበት እትዬ ብርቄ ገቡ። ማሽኑ ውሃውን ጎርጎር አድርጎ አስወጣ፤ ግንባሩ ላይ ያለችው አንድ ጠፋች፤ መጨረሱንም በዜማ አበሰረ። ሥራ ከሌለ አንድ ደቂቃ ለካ እውነትም አንድ ደቂቃ ነው!

እትዬ ብርቄ አንድ ሰሃን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ ጣታቸውን አሻሹበት። «ጉድ! ይሄ ነው እንዲህ ያጠበው?» አሉ። ኧረ እትዬ በእጄ ነው ብላቸው፣ «ተይ አንቺ! ሲጨርስ በጆሮዬ ሰምቼ!» ብለው ሳቁብኝ። ሳሙና የበላውን ጣቴን ባሳያቸው፣ «እሱማ የልጅ ጨርቅ ስታጥቢ ነው» አሉ።

ለእድርተኛው ሁሉ አወሩልኝ። አሁን ሰፈሩ «ባለ ማሽኗ» እያለ ከሩቅ ሰላም ይለኛል፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ችግሩ፣ ከየድግሱ በኋላ የእድሩ ሰሃን እኔ ቤት እንዲታጠብ ተወሰነ። ማሽኑ የሚችለው የትንሽ ድግስ ሰሃን ነው፤ የሠርግ ሲመጣ ሳፋዬን አወጣለሁ። ውሃ በማይመጣበት ቀን ደግሞ እሱ ያርፋል፣ እኔ ከጀሪካን እቀዳለሁ።

እስቲ እናንተ ምከሩኝ፤ እውነቱን እንዴት ብዬ ብነግራቸው ያምኑኛል? ወይስ ስሜን ይዤ ልጠብ? ብቻ ቶሎ በሉ። እትዬ ብርቄ ሰሃን አስጭነው በር ላይ ቆመዋል፤ «አንድ ደቂቃ» ብያቸዋለሁ።