በባቱ የኮራው ጸጉር አስተካካይ

የሰው ክብር ከአንገት በላይ ነው የሚሉ ብዙ የተማሩ ሰዎች አሉ። ተሳስተዋል። ክብር ከጉልበት በታች፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ፣ ባት ላይ መሆኑን ለሰፈሩ ያበሠረው አንድ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩም ለውለታው «ብረቱ» ብሎ ሰይሞታል።

ብረቱ ቆሞ ይውላል። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ለሠራተኛ ብሎ ባለጎማ በርጩማ ገዝቶ ነበር፤ ብረቱ ግን «ተቀምጦ የሚላጭ ወንድ አይቼ አላውቅም» ብሎ የፎጣ ማስቀመጫ አደረጋት። እንዲህ ቆሞ ቆሞ አንድ ቀን ግራ እግሩን ቢያይ፣ ከጉልበቱ ጀርባ ተነስቶ እየተጠማዘዘ የሚወርድ፣ ሰማያዊ፣ የጣት ውፍረት ያለው የደም ሥር ብቅ ብሏል። ተራ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ብረቱ ግን «ጡንቻ መጣ! በቃ፣ ለእሷ የማሳየው ነገር አገኘሁ» አለ።

እሷ ማለት መንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት ናት። ልቡ ወደ እሷ ከሄደ ቆይቷል፤ እግሩ ግን ሳይስለው የሳል ከረሜላ ከመግዛት አልፎ አያውቅም።

እኛ ወንዶች መቼም፣ ገላችን ላይ ያበጠ ነገር ስናይ ወይ እንደብቀዋለን ወይ እንፎክርበታለን፤ ሐኪም የሚባል ሦስተኛ መንገድ አይታየንም። ብረቱም ጸጉር ዕይታ እንዳይጋርድ ብሎ እግሩን በማሽን ዜሮ ላጨው። በቁምጣ ሥራ ገባ። ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ስልካቸውን ትተው ባቱን ማየት ጀመሩ።

«ጂም የት ነው የምትሠራው?» አለው አንዱ።

«ጂም ለደካማ ነው ወንድሜ። እኔ በቃ እቆማለሁ።»

ማታ ማታ እግሩ እንደ እርጥብ ጆንያ ይከብደዋል፣ ያሳክከዋል፤ ካልሲውን ሲያወልቅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቦይ ተቆፍሮ ያገኛል። ይህም በብረቱ አስተዳደር በጥልቀት ተመርምሮ «ጡንቻ ሲያድግ ያማል» ተብሎ ጸደቀ።

ቀኑ ደረሰና ፋርማሲው ገባ። እግሩን የሰው ክብደት መመዘኛው ላይ አወጣና «እስኪ እዪው!» አላት።

ጎንበስ ብላ አየችው። «ማታ ማታ ይከብድሃል?»

«ለወንድ ልጅ ምን ይከብደዋል? ትንሽ።»

«ያሳክክሃል?»

«አልፎ አልፎ።»

«ያብጣል?»

ብረቱ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። እናቱ እንኳ ስለሱ ይህን ያህል ጠይቃው አታውቅም።

«ቫሪኮስ ነው» አለችው።

«እሱ ደግሞ የምን ስፖርት ነው?»

«በሽታ ነው፣ ወንድሜ። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ።»

ሐኪሙ ራሰ በራ፣ ከብረቱ ሙያ ምንም የማይፈልጉ ሰው ነበሩ። «ደም ከእግር ወደ ልብ ሽቅብ ሲመለስ፣ ደም ሥሩ ውስጥ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ። ያንተ በሮች ላልተዋል። ደሙ ቁልቁል ይመለስና ይጠራቀማል፤ ደም ሥሩም ይለጠጣል» አሉት።

«ስለዚህ ጡንቻ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ትንሽ እንኳ። ችላ ካልከው ቆዳው ይቆስላል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ያኔ ማሽን ይዞ መቆም ቀረ።»

መመሪያው ወረደ፦ አንድ ቦታ ተገትሮ አለመዋል፣ መራመድ፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥብቅ ካልሲ ማጥለቅ። በዚህ ካልተሻለው ደም ሥሩን በመርፌ መድኃኒት ወይ በሌዘር መዝጋት፤ ደሙ በሌሎቹ ሥሮች መንገዱን ያገኛል።

«ዶክተር፣ ካልሲው የሴት አይመስልም?»

«ቁስሉ ሴትና ወንድ አይለይም።»

ካልሲው ያለው እሷ ጋ ነው። ባቱን በሜትር ስትለካው ትንፋሹን ዋጠ። ትንፋሽ በመዋጥ ባት አይወፍርም፤ እኛ ወንዶች ግን ሜትር ስናይ እንዲህ ነን።

በማግሥቱ ረጅም ሱሪ ለብሶ፣ በርጩማዋን ከፎጣ ነጻ አውጥቶ ተቀመጠባት። «ባትህስ?» ሲሉት «ፈቃድ ወጥቷል» ይላል።

እግሩ ሲቀለው አንድ አመሻሽ ላይ ድፍረቱ መጣ። «ሐኪሙ ተራመድ ብለውኛል። ብቻህን ግን አላሉኝም» አላት።

ስቃ ጋዋኗን አወለቀች። መንገድ ላይ ብረቱ ደረቱን ነፍቶ «ከደከመሽ ንገሪኝ፤ ቀስ እላለሁ» ቢላት፣ ቆም ብላ የሱሪዋን ጫፍ ከፍ አደረገች። ያው ራሱ ካልሲ!

«አንቺም?»

«እኔም እኮ ቆሜ ነው የምውለው። ከታከምኩ ቆየሁ።»

«ታዲያ አንቺም እንዳለብሽ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ጡንቻ ነበር የመሰለኝ!»

«ምን ብዬ ልንገርህ?» አለችው፤ «እኔ ሞኟ ሲያመኝ የታመምኩ ነው የመሰለኝ።»