ለአንድ ክፍል ሃያ ኩብ

[ጠዋት። ጣሪያ ያለው ወለል የሌለው አንድ ክፍል፤ መሬቱ ላይ ድንጋይ ተነጥፏል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጠመኔ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይንጎራደዳል። የእህቱ ባል ግንበኛው ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ዳቦ ያላምጣል። ማላመጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ገና አልዋጠም።]

ልብስ ሰፊው፦ ሦስት ጊዜ ለካሁት! ሦስት ጊዜ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ አንድ ሱሪ አጥሮብኝ የማያውቅ ሰውዬ አንድ ክፍል ያጥርብኛል?

ግንበኛው፦ አጠረ መች አልኩ?

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ ምንድነው ያልከው?

ግንበኛው፦ "ሃያ ምን?" ነው ያልኩት።

ልብስ ሰፊው፦ ሃያ ነዋ! አራት በአምስት ስንት ነው?

ግንበኛው፦ [በጣቱ ይቆጥራል፤ ጣት ያልቅበታል፤ እንደገና ይጀምራል] ሃያ።

ልብስ ሰፊው፦ እኮ! ደወልኩ፣ ሃያ ብዬ አዘዝኩ። አርማታው ተቦክቶ በመኪና ይመጣል። ሦስት ሰዓት ላይ በራችሁ ላይ ነን ብለዋል።

ግንበኛው፦ ሃያ ሜትር ኩብ?

ልብስ ሰፊው፦ ኩቡን እነሱ ያውቁበታል። እኔ ቁጥሩን ሰጠኋቸው፣ ሌላው የራሳቸው ጣጣ ነው።

ግንበኛው፦ [በመጨረሻ ዳቦውን ይውጣል] ውፍረቱስ?

ልብስ ሰፊው፦ የማን?

ግንበኛው፦ የወለሉ።

ልብስ ሰፊው፦ ወለል ደግሞ ምን ውፍረት አለው? የሚረገጠው ላዩ! አሁን አንተ ሸሚዝ ልታሰፋ ስትመጣ ስለ ውፍረት ጠይቄህ አውቃለሁ? ርዝመት፣ ወርድ፣ አለቀ።

ግንበኛው፦ እኔንም?

ልብስ ሰፊው፦ አንተንማ ጠይቄ ነበር፣ ሆድህ ቸግሮኝ። እሱን ተወው። ስማ፣ እንዲያውም ለማጠፊያ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ጨምሬበታለሁ።

ግንበኛው፦ ወለሉን የት ነው የምናጥፈው?

ልብስ ሰፊው፦ ግድግዳው ስር ነዋ! ጠርዙ እንዳይተረተር።

ግንበኛው፦ [አሰብ አድርጎ] አርማታ ይተረተራል?

ልብስ ሰፊው፦ ያልታጠፈ ሁሉ ይተረተራል።

ግንበኛው፦ ከስሩ ድንጋይ አለው እኮ።

ልብስ ሰፊው፦ እሱ ገበሩ ነው።

ግንበኛው፦ መሀል ላይ የሚገባው ብረትስ?

ልብስ ሰፊው፦ ስፌቱ! አየህ? ሙያ ሁሉ አንድ ነው። አንተን የሚከብድህ የምትሠራውን ነገር ስለማታውቀው ነው።

ግንበኛው፦ [ከልቡ አዝኖ] እውነትህን ነው። እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት ብረቱን ብረት እያልኩ ነው የኖርኩት።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ ለራሴ መሰለህ እንዲህ የምቃጠለው? እማዬን አታያትም? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅላ፣ ጉልበቷ ደረጃ አልወርድም ብሏት፣ መሬት ከረገጠች ሁለት ወሯ! ከመስኮት ወደ መስኮት ነው የምትኖረው። "እማዬ፣ እታች ክፍል ሠርቼ ደጅሽ ላይ ፀሐይ አስሞቅሻለሁ" ብዬ ቃል ገባሁላት። ዛሬ ወለሉ ካልተሞላ እኔ ልጅ ነኝ?

ግንበኛው፦ ለእማማማ እኔም ነው የማስበው። ለዚህ ነው ውፍረቱን የጠየቅኩት።

ልብስ ሰፊው፦ አሁንም ውፍረት! ሰውዬ፣ ምን ነካህ?

ግንበኛው፦ ቆይ እስቲ። [ይነሳል። መነሳቱ ጊዜ ይወስዳል። መዳፉን ከነአውራ ጣቱ በጎኑ አድርጎ ድንጋዩ ላይ ያቆማል።] የመኝታ ክፍል ወለል ይኼን ታህል ነው። አስር ሴንቲ።

ልብስ ሰፊው፦ ይሁን።

ግንበኛው፦ አንተ ያዘዝከው ሃያ ኩብ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ሲፈስ... [ሄዶ ልብስ ሰፊው አጠገብ ይቆምና እጁን ቀበቶው ላይ ያሳርፋል] እዚህ ይደርሳል።

ልብስ ሰፊው፦ ወገብ ልኬ ላይ?!

ግንበኛው፦ አንድ ሜትር ነው። እንዲያውም ካንተ ወገብ ትንሽ ከፍ ይላል፣ አጭር ስለሆንክ።

ልብስ ሰፊው፦ መስኮቱስ?

ግንበኛው፦ ደፉ ጋ ይደርሳል። ስትተኛ መንገደኛ ያይሃል።

ልብስ ሰፊው፦ በሩስ?

ግንበኛው፦ ግማሹ ይቀበራል። ጎንበስ ብሎ መግባት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ እማዬስ? እማዬ በምን ትገባለች?

ግንበኛው፦ መሰላል እንሠራላቸዋለን።

ልብስ ሰፊው፦ ደረጃ አቃተኝ ላለች ሴትዮ መሰላል?!

ግንበኛው፦ ሰፋ አድርገን ነው የምንሠራው።

ልብስ ሰፊው፦ [ድንጋዩን ያያል፤ ቀበቶውን ያያል፤ ላብ ይጀምረዋል] እሺ... ትክክለኛው ስንት ነበር?

ግንበኛው፦ ሃያህን ለአስር አካፍለው።

ልብስ ሰፊው፦ ሁለት።

ግንበኛው፦ ሁለት።

ልብስ ሰፊው፦ አንዱ መኪና ስንት ኩብ ነው የሚይዘው?

ግንበኛው፦ ሰባት።

ልብስ ሰፊው፦ ሰባት፣ አስራ አራት፣ ሃያ አንድ... ሦስት መኪና?! [ጠመኔው ከጆሮው ይወድቃል] አንተ! ይኼን እያወቅክ ዝም ብለህ ዳቦ ትበላለህ?

ግንበኛው፦ ልነግርህ ብዬ ነበር። ጉርሻው አፌ ውስጥ ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ ቶሎ አትውጥም?!

ግንበኛው፦ አንቆኝ ብሞትስ? ማን ይነግርሃል?

ልብስ ሰፊው፦ አምላኬ! አንዴ ከተቦካ አይመለስም፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው ደፍተውት የሚሄዱት! ግቢው ድንጋይ ሊሆን ነው! የልብስ ማስጫውም፣ የውሃ ቧንቧውም...

ግንበኛው፦ እኔም፣ ካልተንቀሳቀስኩ።

ልብስ ሰፊው፦ አንተማ ከበፊቱ ምን ልዩነት አለህ?

ግንበኛው፦ ደውልላቸው።

ልብስ ሰፊው፦ ምን ብዬ?

ግንበኛው፦ "ተሳስቻለሁ" ብለህ።

ልብስ ሰፊው፦ [ቃሉን አፉ ውስጥ እንደ ኮሶ ያገላብጠዋል] ተሳ... ተሳስ... ሌላ ቃል የለም?

ግንበኛው፦ "አላወቅኩም"።

ልብስ ሰፊው፦ የመጀመሪያው ይሻላል። አየህ፣ ትናንት ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ እንዳንተው "ውፍረቱስ?" አለችኝ። እኔም "እህቴ፣ የምታወሪው ከመለካት ባለሙያ ጋር ነው" አልኳት።

ግንበኛው፦ አይ።

ልብስ ሰፊው፦ አዎ። ሁለቴ ነው ያልኳት። [ይደውላል። ድምፁን ያጎረንናል።] ሄሎ! እኔ ነኝ፣ ባለሃያው። አዎ፣ የመለካት ባለሙያው... ምነው ሳቅሽ እህቴ? ...ኧረ አልተሳሳትኩም! ማን ነው ተሳሳተ ያለሽ? እናንተ በትክክል ሰምታችሁ እንደሆነ ላጣራ ነው እንጂ... ምን? ትጠረጥሪያለሽ? እኔ ጋ ጥርጣሬ የለም! [ጆሮዋ ላይ ይዘጋዋል።]

ግንበኛው፦ ሰረዘችው?

ልብስ ሰፊው፦ ሳቀች።

ግንበኛው፦ መሳቅ መሰረዝ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ስማኝ። የሳቀ ሰው ገብቶታል ማለት ነው። የገባው ሰው ደግሞ ሁለት ነው የሚልከው።

ግንበኛው፦ "ጥርጣሬ የለም" አልካት እኮ።

ልብስ ሰፊው፦ ክብሬን ልጣል?

ግንበኛው፦ ድገምና ደውላ።

ልብስ ሰፊው፦ [ይደውላል፤ ይሰማል፤ ይዘጋል] ተይዟል። ለጓደኞቿ እያወራችኝ ነው።

ግንበኛው፦ እኔ እንደሚመስለኝ ሦስት መኪና ነው የሚመጣው።

ልብስ ሰፊው፦ አንድ ነው! ትወራረዳለህ?

ግንበኛው፦ በምን?

ልብስ ሰፊው፦ ሦስት ከመጣ ሱፍ እሰፋልሃለሁ፣ በነፃ። አንድ ከመጣ አንተ ወለሉን በነፃ ትሞላለህ።

ግንበኛው፦ አሁንስ በነፃ አይደል እንዴ የምሞላው? "እህቴን ሰጥቼህ ደግሞ ትከፈላለህ?" ብለኸኝ።

ልብስ ሰፊው፦ እንግዲያው ግድግዳውንም ትለስናለህ!

ግንበኛው፦ እሺ። [ይጨባበጣሉ] ሱፉን ካነሳህማ አይቀር፣ ጨርቁን ገዝቻለሁ። ለልጄ ምርቃት። [ወጥቶ ደጅ ካቆመው የእጅ ጋሪ ላይ አንድ ትልቅ ጥቅል በሁለት እጁ አቅፎ ይመለሳል። ከጥቅሉ በላይ የሚታየው ግንባሩ ብቻ ነው።]

ልብስ ሰፊው፦ ይኼ ምንድነው? የተመራቂዎቹ ሁሉ ነው?

ግንበኛው፦ የእኔ ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ [ይዘረጋል፤ በሜትሩ ይለካል፤ ከክፍሉ ወጥቶ ደጅ ድረስ ይለካል፤ ተመልሶ ይመጣል] አስር ሜትር?! ላንድ ሱፍ ሦስት ሜትር ከበቂ በላይ ነው እኮ!

ግንበኛው፦ ሻጩም እንደሱ አለኝ። ግን ውፍረቴን አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ ሞኝ አይደለሁም። ሆዴን አስገባሁበትና ስድስት አልኩት።

ልብስ ሰፊው፦ እና አስሩ ከየት መጣ?

ግንበኛው፦ ውሃ ሲነካው ይሰምጣላ!

ልብስ ሰፊው፦ ጨርቁ?

ግንበኛው፦ ሁሉም ነገር። አሸዋና ጠጠር ደረቁን ብዙ ይመስልሃል፣ ውሃ ሲያገኘው ቁጭ ይላል። ግማሽ ይጨመርበታል። ስድስት ላይ ሦስት፣ ዘጠኝ። ለፍሳሽ ደግሞ አንድ፣ አስር።

ልብስ ሰፊው፦ የምን ፍሳሽ?

ግንበኛው፦ ከጋሪው ላይ መንገድ ለመንገድ የሚንጠባጠበው።

ልብስ ሰፊው፦ ሱፍ ይንጠባጠባል?!

ግንበኛው፦ ያልታሰበለት ሁሉ ይንጠባጠባል።

ልብስ ሰፊው፦ [ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ግድግዳ ይደገፋል] አንተ ሰውዬ! ሱፍ እኮ ውስጡ ባዶ ነው! ውስጡን የምትሞላው ራስህ ነህ! በጨርቅ ልትሞላ ነበር? ጠጠርስ አልጨመርክበትም?

ግንበኛው፦ [ረጅም ጊዜ ያስባል። ባልዲው ላይ ይቀመጣል] ውስጡ... ባዶ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ባዶ! ቅድም በወገቤ ስትቀልድ የነበርከው አንተ! ሻጩ ራሱ አልሳቀብህም?

ግንበኛው፦ ስቋል።

ልብስ ሰፊው፦ እኮ! ሳቀና?

ግንበኛው፦ ሳቀና አስር ሜትር ቆረጠልኝ።

[የልብስ ሰፊው ሳቅ አፉ ላይ ይደርቃል። ሁለቱም ቀስ ብለው ስልኩን ያያሉ።]

ልብስ ሰፊው፦ የሳቀ ሰው... ገብቶታል ብለን አልነበር?

ግንበኛው፦ ለሱማ ገብቶታል።

[ከሩቅ የከባድ መኪና ጡሩምባ ይሰማል። ከላይ መስኮት ይከፈታል።]

እናት፦ [ከሦስተኛ ፎቅ] አንተ ልጅ! አንድ ግዙፍ ነገር ጥጉ ጋ እየዞረ ነው!

ልብስ ሰፊው፦ እማዬ! ስንት ነው? ከኋላው ሌላ አለ?

እናት፦ እኔ ምኑን አውቄው! ወይ አንድ ረጅም ነው፣ ወይ ብዙ ተከታትሎ ነው!

ልብስ ሰፊው፦ መነጽርሽን አድርገሽ እዪልኝ!

እናት፦ የቱን መነጽር? ትናንት "የሜትሩ ቁጥር አልታይ አለኝ" ብለህ ከአፍንጫዬ ላይ ነቅለህ ወስደኸው የለም እንዴ!

[ልብስ ሰፊው የደረት ኪሱን ይዳብሳል። መነጽሩ አለ።]

ግንበኛው፦ ክፍሉን የለካኸው በእማማ መነጽር ነው?

ልብስ ሰፊው፦ [በቀጭን ድምፅ] ሦስት ጊዜ።

እናት፦ እሱ እኮ ለሩቅ ነው የታዘዘልኝ! ቅርብ ሳይበት ሦስቱ ስምንት ነው የሚመስለኝ!

ግንበኛው፦ [በጣቱ ይቆጥራል፤ ይተወዋል] እኔ ሁለት ኩብ ያልኩት እኮ ባንተ አራት በአምስት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ግንበኛው አንተ አይደለህ? ለምን ራስህ አልለካህም?

ግንበኛው፦ "ሦስት ጊዜ ለካሁት" እያልክ ስትጮህ፣ አራተኛው ምን ይጨምራል ብዬ።

ልብስ ሰፊው፦ ያዝ ጫፉን! ቶሎ በል! አሁን እንለካዋለን!

ግንበኛው፦ ማን ያነበዋል? አንተ አይታይህም፣ እኔ ላንብበው ብል ደግሞ የሜትርህ ቁጥር ተፍቋል።

[ጡሩምባው በር ላይ ይጮሃል። ሁለቱም ሮጠው የግቢውን በር በጀርባቸው ይደገፋሉ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ግንበኛው ቀድሞ ደርሷል።]

ልብስ ሰፊው፦ ክፈት።

ግንበኛው፦ አንተ ክፈት። ያዘዝከው አንተ ነህ።

ልብስ ሰፊው፦ በቀዳዳው እይ እሺ።

ግንበኛው፦ ጎማ ብቻ ነው የሚታየው።

ልብስ ሰፊው፦ ስንት?

ግንበኛው፦ ትልቅ።

እናት፦ እሰማለሁ እኮ! ስትወራረዱም ሰምቻለሁ! ሳይከፈት እኔንም አስገቡኝ፣ ሁለት መኪና ነው ብያለሁ! ከረታሁ ወለል ምናምን አልጠብቅም፣ ዛሬውኑ ተሸክማችሁ ታወርዱኛላችሁ፣ ደጄ ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ!

[ሁለቱ ይተያያሉ።]

ግንበኛው፦ [በሹክሹክታ] ሦስት ፎቅ። እማማን ለክተሃቸው ታውቃለህ?

ልብስ ሰፊው፦ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ። ቁመቷን በቃሌ ነው የማውቀው።

ግንበኛው፦ ውፍረታቸውስ?

[ጡሩምባው ይጮሃል። በሩ እንደተዘጋ ነው።]