የአቶ ሸረፋን ሽንት ቤት እንዴት በሲሚንቶ እንደሞላሁት

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው ጉዴ የጀመረው። ጓዶች፣ ብነግራችሁ አታምኑኝም! ያላመነ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ሄዶ ይየው። አሁን ደርቋል።

ይህን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የለጠፍኩት ስብሰባ ላይ «ግለ ሂስ አድርጊ» ስባል አፌ ስለሚተሳሰር ነው። ወረቀት አያፈጥብኝም።

የአንደኛ ክፍል መማሪያ አንድ ማዕዘኑ ሰምጦ ግድግዳው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ክረምት ሳይገባ ካልተጠገነ ክፍሉ ይዘጋል፤ ልጆቹ ዛፍ ሥር ሊማሩ ነው። በነቀምቴ ዝናብ!

ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ስማር አስተማሪያችን በውጭ አገር ደካማ አፈርን ሙጫ መሰል ኬሚካል ይወጉታል ብሎን ነበር። አፈሩ ይጠጥራል፣ ቤቱ ይቆማል። እኛ ኬሚካሉ የለንም። ያለን ሲሚንቶ፣ ውሃ፣ የብረት ቱቦና የእጅ ፓምፕ ነው።

እና እኔ፣ ጥገናው የተሰጠኝ አዲሷ መሐንዲስ።

ስሌቱን ሦስት ጊዜ ሠራሁ። ንድፉን በሁለት ቀለም አሰመርኩ። ከሥራው በፊት የሚሞላው ቅጽ ላይ ግን አንዲት መስመር ነበረች፦ «በአካባቢው የተቀበረ ጉድጓድ መኖር አለመኖሩን ጎረቤቶች ተጠይቀዋል?»

«አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

አልጠየቅሁም!

እስቲ ፍረዱኝ። እዚህ አገር ጎረቤት መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «አከም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ትጀምራላችሁ። የልጆቹ ጤና፣ የከብቶቹ ጤና፣ ዲጋ ያለችው አክስት ጤና… ከዚያ «ግቢ፣ ቅመሺ!» ስምንት ቤት! እኔ ደግሞ ሳሙና ለመግዛት እንኳ ሱቁ ሰው እስኪቀልለው ውጭ የምቆም ሰው ነኝ።

የግንበኞቹ አለቃ ኦቦ ጉተማ አስጠንቅቀውኝ ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከመሬት በላይ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ከታች ያለውን የሚያውቀው የቆየ ሰው ነው። ጠየቅሽ?»

«ተጠይቋል» አልኩ፤ ጫማዬን እያየሁ።

ቱቦውን ከሰመጠው ማዕዘን ሥር ቀበርንና ፓምፑ ሥራ ጀመረ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ገባ። አምስተኛው ገባ። አሥረኛው ገባ። አፈሩ ሲጠግብ ከፍ ማለት የነበረባት የግፊት መለኪያዋ መርፌ ንቅንቅ አላለችም።

«አፈሩ ጠምቶት ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። በሰው ፊት የሰጠሁት የመጀመሪያ የሙያ አስተያየት ይኸው ነው።

ኦቦ ጉተማ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ መሬት እንዲህ አይጠጣም። እንዲህ የሚጠጣው አማቼ ነው።»

ግንበኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከምሳ በኋላ ሠላሳኛው ገባ።

ያኔ ከአጥሩ ጀርባ፦

«ኧረ የሰው ያለህ! ሽንት ቤቴ ሊሞላ ነው!»

ባለሱቁ አቶ ሸረፋ ናቸው። ለልጃቸው ሠርግ ብለው ወር ሙሉ ያስቆፈሩት አዲስ ሽንት ቤት ነው። ገና ማንም አልገባበትም። ሠርጉ እሁድ!

ሮጠን ደረስን። ከጉድጓዱ ጎን፣ ከአንዲት ቀዳዳ፣ ግራጫ አጥሚት ይንዶለዶላል። የኔ ስሌት!

«ያን ሁሉ እንግዳ ጠርቼ!» አሉ አቶ ሸረፋ። «የት ልላካቸው? ያንቺ ቢሮ?»

«ጎረቤት ተጠይቋል ተብዬ ነበር» አሉ ኦቦ ጉተማ ቀስ ብለው።

«ማን? እኔ? ብጠየቅማ እነግራት ነበር! ከክፍሉ ማዕዘን ሥር የድሮ የእህል ጉድጓድ አለ። ይህን ስናስቆፍር በጎን ተበስቶ አይተነዋል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አልጠየቅሁም» አልኩ። አልተሰማም፤ ድገሚ ተባልኩ። ደገምኩት!

እንግዲህ በወለጋ ምድር ከሁሉ የጸና መሠረት ያለው የአቶ ሸረፋ ሽንት ቤት ነው። የአንደኛ ክፍል ማዕዘን ግን አሁንም አየር ላይ ነው። የቀረን አሥር ከረጢት። «ቀዳዳው ራሱን ደፍኗል» አሉ ኦቦ ጉተማ። «የእህሉን ጉድጓድ አስቀድመን በድንጋይ ከሞላነው አሥሩ ይበቃል። ግን ከየት እስከ የት እንደሆነ ማወቅ አለብን።» ይህን ሲሉ አላዩኝም። ማየትም አላስፈለጋቸውም።

በማግስቱ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአንድ እጄ ቅጹን፣ በሌላው አካፋ ይዤ የአቶ ሸረፋን በር አንኳኳሁ። ምልክቱን ሰርዤዋለሁ።

«እንዴት አደሩ? አዲስ ሽንት ቤት ልቆፍር መጥቻለሁ። በዚያውም… የእህሉ ጉድጓድ ከየት ይጀምራል?»

አካፋውን አዩ። እጄን አዩ። «በዚህ እጅ ከቆፈርሽ ለልጅ ልጄ ሠርግ ይደርሳል» አሉ። «ለእሁድ እንዲደርስ አምስት ቆፋሪ ጠርቻለሁ፤ አንቺ አፈር ታወጪያለሽ። መጀመሪያ ግን ግቢና ቁርስ ብይ። በባዶ ሆድ የጉድጓድ ወሬ የለም።»

በላሁ። ከዚያ ሁለተኛው ቤት፣ የማለዳው «አከም ቡልተኒ» ሰላምታ፣ በላሁ። ሦስተኛው ቤት፣ የዲጋዋ አክስት ጤና፣ በላሁ። ስምንተኛው ቤት ስደርስ የጉድጓዱን ዳር ዳር ሁሉ አውቄ ነበር፤ መተንፈስ ግን አልቻልኩም። ቅጹን አውጥቼ «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁና፣ በሞላ ሆዴ፣ አፈር ላወጣ ወደ አቶ ሸረፋ ግቢ ተመለስኩ።

እናንተስ ጓዶች፣ ሳትጠይቁ ምልክት ያደረጋችሁባት መስመር የለችም? በሉ፣ ጮክ ብላችሁ አትመልሱልኝ!