ሳይቀዳ የሞላ ነዳጅ

«ይኼ ምን ያስቸግራል?» ብሎ ዕቃ የሚፈታ፣ ሲፈታ ግን የቱ ከየት እንደተነቀለ ምልክት የማያደርግ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ላይ ጠዋት ጠዋት ጺሜን ስላጭ መስታወት ውስጥ ያፈጥብኛል። አቤት ሲያናድድ!

የአሮጌዋን ፊያቴን ቆጣሪዎች ከዳሽቦርዱ ነቅዬ፣ ወልውዬ፣ ቀለም ቀብቼ መለስኳቸው። የመርካቶ መካኒኮች ከእኔ በምን ይበልጣሉ? በማግስቱ ከጎረቤቴ ከሀጂ ከድር ጋር ለእህቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ፣ ሽማግሌ ሆነን ከጅማ ወደ አሰንዳቦ ተነሣን። ማደያ ሰልፍ ይዘን ሳለ፣ ባዶ ላይ የነበረው የነዳጅ ቀስት ሽቅብ ይወጣ ጀመር።

«ሀጂ፣ ነዳጁ ጨመረ!»

«ሳትቀዳ? ወላሂ፣ ከየት መጣ?»

«ድሮም ነበረ፤ ቆጣሪው ነው አሁን የነቃው» ብዬ ሰልፉን ጥዬ ወጣሁ።

አሰንዳቦ ልንገባ ስንል ቀስቱ «ሙሉ» እንዳለ መኪናዋ ቀጥ አለች። ለካ የነዳጁንና የሙቀቱን ሽቦ አቀያይሬዋለሁ፤ ሲጨምር የነበረው የሞተሩ ሙቀት ነው፤ ነዳጁማ አልቋል!

በባጃጅ አርፍደን ደረስን። የልጅቷ አባት ምክንያታችንን ሰምተው ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ልጁም እንደ አጎቱ ይፈታታል?»

«አላህ ይጠብቀን!» አሉ ሀጂ። «እሱ ሚስማር እንኳ መትቶ አያውቅም።»

ልጅቷን ሰጡን።