ተነሳሽነት በማሽን

ከሥልጠና የተመለሰ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በአገራችን አልተከፈተም፤ ቢከፈትም ሥራ አይጀምርም። ንፋስ መውጫ ለሚገኘው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ቢሮ የደረሱት ክቡር አቶ ይግዛው ናቸው፤ የሰው ሀብት ባለሙያ፣ የአራት ቀን ሥልጠና ምሩቅ፣ የባለ ዚፕ ቦርሳ ባለቤት።

ከባሕር ዳር ሲመለሱ ማሽን ለርኒንግ የሚሉትን ይዘው መጡ። ቁጥር በብዛት ከተቀለበ ራሱ ተምሮ፣ ሠራተኛን ለሥራ የሚያነሳሳው ምን እንደሆነ የሚናገር፣ ሠራተኞቹንም በተነሳሽነታቸው ደረጃ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ቢሆነኝ ደግሞ በዚሁ ማሽን ተመዝኖ መጨረሻ የሚወጣው ሠራተኛ ስማዳ ወዳለው መጋዘን እንዲዛወር ወሰኑ።

የመዝገብ ቤቷ ሕሊና ይህን ስትሰማ ክው አለች። የማታ ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ ከስማዳ እየተመላለሱ መማር አይታሰብም።

ተነሳሽነት እንዴት ይለካል? አቶ ይግዛው አልተቸገሩም። «ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ ተነሳሽነት መነሳት ነው» አሉ። ሦስት ሳምንት ጥግ ይዘው ተቀመጡና ከወንበሩ ብድግ ያለውን ሁሉ ከነሰዓቱ መዘገቡ። ቻርጀር ፍለጋ የዞረውም፣ ቁንጫ የነከሰውም ተነሳሽ ሆነ። ሆድ ቁርጠት የያዘው የግዢ ሠራተኛ በአንድ ቀን አርባ አንድ ጊዜ ተነስቶ የሳምንቱ ምርጥ ተባለ።

ሕሊና ግን ፋይሎቿን እጅ በሚደርስበት ስለደረደረች፣ የተጠየቀችውን ሁሉ ሳትነቃነቅ ታወጣለች። ሲጨንቃት ብድግ ቁጭ ማለት ጀመረች። አቶ ይግዛው የለይምሰሉን እንደማይመዘግቡ በትሕትና ነገሯት።

ማሽኑ ተምሮ ጨረሰ። ሠራተኛውን የሚያነሳሳው ደመወዝም አበልም አልነበረም፤ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነበሩ። ለደብሩ መሬት ምርጥ ዘር ሊጠይቁ በየቀኑ ሲገቡ ሁሉም «ኖር» ብሎ ብድግ ይላል። አቶ ይግዛው በቀን ስድስት ጊዜ እንዲገቡላቸው ለመኗቸው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ የጠየቅኋችሁን ዘር ስጡኝ» አሏቸው።

ዓርብ ውጤቱ ተነበበ። ሕሊና ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፤ ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጣች። መጨረሻ የወጡት አቶ ይግዛው ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብለው ሲቆጥሩ፣ ራሳቸውን ከዝርዝሩ አላወጡም ነበር። አቶ ቢሆነኝ ሳቃቸውን እየዋጡ ስማቸውን እንዲሰርዙ ቢመክሯቸው እምቢ አሉ።

«ሌላው ላይ ሠርቶ እኔ ላይ ካልሠራማ ምኑን ማሽን ሆነ?»

ዕለቱን የራሳቸውን የዝውውር ደብዳቤ ጽፈው፣ አስፈርመው፣ ቁጥር እንድትሰጠውና ማኅተም እንድትመታበት ለሕሊና አስረከቡ። ያለዚያ ደብዳቤ አይባልም።

ሕሊና ተቀብላ ከአንድ ወፍራም ፋይል ሥር ሸጎጠችው። ሰኞ ጠዋት ሻንጣቸውን ይዘው ቢመጡ የማኅተሙ ቀለም ደርቋል አለቻቸው። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ከራሳቸው ኪስ ገዝተው አንድ ብልቃጥ ቀለም ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ።

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ይኼ ሰማያዊ ነው» አለች። «የእኛ ማኅተም ሐምራዊ ነው፣ ጋሼ ይግዛው።»