ድረ ገጹ ከነአለቃው

(የአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል። ሥራ አስኪያጁ «ድረ ገጻችንን ከላይ እስከ ታች በአንድ ምስል አድርጋችሁ ላኩልኝ፤ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል» ብለዋል። የክፍሉ ኃላፊ ቦታ ክፍት ነው፤ ይህን ያሳመረ ይይዘዋል ተብሎ ይወራል። «ፕሮፌሰር» እና «ዝግታ» የሚባሉት ባልደረቦች አንድ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተዋል።)

ፕሮፌሰር፦ አይገባም አልኩህ እኮ!

ዝግታ፦ ወረቀቱ ረጅም ከሆነስ?

ፕሮፌሰር፦ የወረቀት ጉዳይ አይደለም አንተ ሰውዬ! ስክሪንሾት የሚያነሳው የሚታየውን ብቻ ነው። ገጹ ደግሞ ወደ ታች ይቀጥላል።

ዝግታ፦ ታዲያ ኮምፒውተሩን ቁም ሳጥኑ ላይ ብንሰቅለውስ? የታችኛው እንዲታይ።

ፕሮፌሰር፦ (ጭንቅላቱን ይዞ) ኧረ ፈጣሪዬ! ስማ፤ ታነሳለህ፣ ዝቅ ታደርገዋለህ፣ ደግሞ ታነሳለህ። በመጨረሻ ቁርጥራጩን ታያይዘዋለህ።

ዝግታ፦ እንደ ጨርቅ?

ፕሮፌሰር፦ እንደ ጨርቅ። በል ጀምር፤ እኔ አስባለሁ።

(ዝግታ ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ያያይዛል።)

ዝግታ፦ ጨረስኩ። ብቻ ሥራ አስኪያጁ በዝተዋል።

ፕሮፌሰር፦ በዝተዋል ስትል?

ዝግታ፦ ናና እያቸው። «ስለ እኛ» ላይ አሉ። «አገልግሎታችን» ላይ አሉ። ቅሬታ ማቅረቢያውም ላይ እየሳቁ አሉ።

ፕሮፌሰር፦ (ደንግጦ) ወይኔ! ፎቷቸው አናት ላይ የተለጠፈ ነው እኮ! ገጹ ሲወርድ እሳቸው አይወርዱም።

ዝግታ፦ እሳቸው መች ወርደው ያውቃሉ?

ፕሮፌሰር፦ ዝም በል! በየቁራጩ አብረው ተነስተዋል። ያሾፍንባቸው ነው የሚመስላቸው! ተነስ ከዚህ፤ አንዱን ብቻ ትቼ ሌላውን ቆርጬ አወጣለሁ።

ዝግታ፦ አለቃ ይቆረጣል?

(ፕሮፌሰር ላቡን እየጠረገ ሲቆርጥ፣ ዝግታ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ሄዶ ይመለሳል።)

ፕሮፌሰር፦ አለቀ! ሥራ ማለት ይሄ ነው። አሁን ልላከው።

ዝግታ፦ እኔ የመጀመሪያውን ልኬዋለሁ እኮ።

ፕሮፌሰር፦ ምን?!

ዝግታ፦ አንተ እሳቸውን ስትቆርጥ። ደግሞ ስምህንም ጽፌልሃለሁ፤ አብረን አይደል የሠራነው?

ፕሮፌሰር፦ ጉድ ሠራኸኝ! ልጆች አሉኝ እኮ አንተ!

(ስልክ ይጮኻል። ፕሮፌሰር ያነሳል፤ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል።)

ሥራ አስኪያጁ፦ ይሄን ፊቴን ከላይ እስከ ታች የደረደረውን ምስል ማነው የሠራው?

ፕሮፌሰር፦ ዝግታ ነው ጌታዬ! ብቻውን! እኔ እጄ የለበትም፤ ስሜንም ሳይነግረኝ ነው ያስገባው! እኔማ እርስዎን እየለቀምኩ ሳወጣ ነው የዋልኩት!

ሥራ አስኪያጁ፦ እኔን ስታወጣ?

ፕሮፌሰር፦ ከአናቱ በቀር አንድም አላስቀረሁም!



ሥራ አስኪያጁ፦ መሥሪያ ቤቱን ከላይ እስከ ታች የያዝኩት እኔ መሆኔን የሚረዳ ሰው ስፈልግ ስንት ዓመቴ! በል ስልኩን ለክፍሉ ኃላፊ ስጠው።

ፕሮፌሰር፦ ለየትኛው ኃላፊ ጌታዬ? ቦታው እኮ ክፍት...

ሥራ አስኪያጁ፦ አጠገብህ ላለው።

(ፕሮፌሰር ስልኩን አቀብሎ ወንበር ላይ ዝርግት ይላል።)

ዝግታ፦ አቤት ጌታዬ... እሺ... እሱን? ኧረ አይባረር ጌታዬ፣ ይማራል፤ ትንሽ ቶሎ አይገባውም እንጂ ልጁስ ደህና ነው።