ቀበሌው ተሳቢ ላይ የወጣበት ዕለት

በ፳፻፱ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ አመ ፲ወ፭ ለነሐሴ፣ ላፕቶፗ ከነሞደሟ ለነዋሪው አገልግሎት ተብላ ወደ ቀበሌው በገባች፣ ነዋሪውም ገና ዓይኗን ባላየ በሁለተኛው ዓመት፣ በመተማ ቆላ የሆነው ይህ ነው። በዚያ ዘመን ዐቃቤ ንብረት ወቁልፍ ክቡር አቶ ፈንቴ ነበሩ፤ ላፕቶፗንም አቧራ እንዳይነካት በሰሊጥ ጆንያ ጠቅልለው፣ በሦስት ቁልፍ ቆልፈው ጠበቋት፤ እሳቸው ባይኖሩ ሰዉ ሁሉ ሳይጠቀምባት አይቀርም ነበር።

በዚያም ቀን ወይዘሮ ውባንች ልጃቸውን ምስራቅን አስከትለው መጡ፤ ልጂቱ አሥራ ሁለተኛን አልፋ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን በኢንተርኔት መሙላት ነበረባት፣ እሱም የዚያኑ ዕለት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ የከተማው መንገድ ደግሞ በዝናብ ተቆርጧል። ውባንች አልለመኑም፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። የፈንቴም ሆድ ባባ።

ይሁን እንጂ ቢሮው ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ የሚይዘው ጉብታው ላይ፣ ጭቃ የዋጠው የትራክተር ተሳቢ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ንብረት ደግሞ ያለ ሊቀመንበሩ ፊርማ ከቀበሌ አይወጣም፤ ሊቀመንበሩም ስብሰባ ናቸው፣ መቼስ ስብሰባ ያልሆኑበት ቀን አይታወቅም። ፈንቴ ላብ በላብ እስኪሆኑ አሰቡ፤ ከዚያም የቀበሌውን ታፔላ ከደጁ ነቅለው፣ ማኅተሙን ኪሳቸው ከተው፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ንብረቱ ከቀበሌ አይወጣም ብያለሁ፣ አይወጣምም። የሚወጣው ቀበሌው ነው። ከአሁን ጀምሮ ቀበሌው ተሳቢው ላይ ነው። ስልክ ያለህ ሁሉ ስልክህን ዝጋ፣ ኔትወርኩን ለልጂቱ ልቀቅላት።»

ወዲያው ዘመቱ፤ ከፊት ታፔላ የተሸከመው ዘበኛው ማተቤ፣ ቀጥሎ ላፕቶፗን እንደ አራስ ልጅ የታቀፉት ፈንቴ፣ ጃንጥላ የያዘችላቸው ሻይ ሻጯ መጂዳ፣ እናትና ልጅ፣ ሁለት አስተማሪዎች፣ አንድ ፖሊስ፣ ነገሩ ያልገባቸው አርባ የሰሊጥ አራሚዎችና አንዲት ፍየል። ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳን ኔትወርክ ሁለት ጊዜ ላፕቶፗን ማርኮ ወሰደ፤ በሦስተኛው ተመለሰች። ለአሥራ ሁለት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ምርጫው ገባ። ውባንች አለቀሱ፤ ፈንቴም ዓይናቸውን ጠረጉና በጭቃው አመካኙ።

በማግስቱ ታፔላውን ሊያወርዱ ቢሄዱ፣ ተሳቢው ሥር ሠላሳ ሰው ተሰልፎ አገኙ፤ እነሆ ታፔላው እስከ ዛሬ አልወረደም። ሊቀመንበሩም ከስብሰባ ሲመለሱ ቀበሌያቸውን አጡት፤ ጠይቀው ሲደርሱበት፣ የልጃቸውን ውጤት ሊያዩ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ስብሐት ለአቶ ፈንቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆልፈው በአንድ ቀን ለከፈቱት።